ድፍርሱ ውሃ የማን ነው?

ሐምሌ ነበር፤ ቦርከና ሞልቷል። ከወንዙ ማዶ የፋብሪካ አጥርና ቀጥ ብሎ የቆመ የጭስ ማውጫ፣ ከወዲህ ገና የበቀለ ጤፍ፣ በመካከላቸው የኮምቦልቻን ዳርቻ እየገመሰ የሚወርድ ቀይ ቡናማ ጎርፍ። ሦስቱም በካሜራው ስክሪን ላይ ባንድነት ገብተዋል። እንዲህ ያለ ፎቶ ያየ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ «አይ ፋብሪካ! ወንዙን ምን አድርገውት ነው?» ማንም ሳይነግረው ይፈርዳል። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ዓይን ራሱ አንዱን በዳይ፣ ሌላውን ተበዳይ አድርጎ ያርፋል።

በጤፉ ዳር ቦይ ሲጠርጉ የነበሩ አንድ አዛውንት ፎቶውን ለማየት ቀረብ አሉ። ስክሪኑን በጋቢያቸው ጫፍ ከካፊያው ከለል አድርገው ጥቂት አዩትና፣ «ይሄማ የኛው አፈር ነው፣ ልጄ» አሉ። «ከላይ ከማሳው ታጥቦ የወረደ ነው። የነሱን ከፈለግህ ዝናቡ ሲያባራ ና።» ይህን ብለው ወደ ቦያቸው ተመለሱ።

የመጨረሻዋ አባባል ከአእምሮዬ አልወጣ ብላለች። ፎቶው ውሸት የለበትም፤ አጥሩም፣ ጤፉም፣ ድፍርሱም በቦታቸው ነበሩ። ተመልካቹ የሚያነበው ታሪክ ግን ወንዙ ከሚያውቀው የተለየ ነው። ገጠርንና ፋብሪካን በአንድ ፎቶ የሚያገናኝ ሰው ሌንስ ከመምረጡ በፊት ምን ከምን እንደመጣ ማወቅ አለበት። ይህን ካላወቀ ሥራው ሁሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ወንዙ የሚሸከመው

በውሃ ዳርቻ ፎቶ ለሚፈልግ ሰው ወሎ ባሕር የለውም፤ ያለው የወንዝና የሐይቅ ዳርቻ ነው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለበት ውሃ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ የሚገባው ሆኖ፣ ገጠርና ኢንዱስትሪ በእርግጥ የሚፋጠጡት ቦርከና ላይ ነው። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ደጋዎች ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ይወርዳል፣ በሐርቡ በኩል ዘልቆ ጨፋ ረግረግ ውስጥ ይንሰራፋል፤ መጨረሻው አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ወደ ቦርከና የገባ ነገር ሁሉ፣ አፈርም ሆነ ሌላ፣ መንገድ ላይ ወይም እዚያ ጨው ሐይቅ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውቅያኖስ የሚሄድበት በር የለውም።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል ማለት ነው፤ ሐረጎን የወረደ ሁሉ በጆሮው ያውቀዋል። ዙሪያው ያለው ዳገት አብዛኛው የታረሰ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ማሳው ተገልብጦ፣ ዘሩ ገና ሥር ሳይሰድ፣ አንድ ከባድ ዝናብ ሲጥል የላይኛው አፈር ተነስቶ ይወርዳል። ያ ቀይ ቡናማ ቀለም የእርሻ ቀለም ነው። በጎርፉ ወቅት ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ ቢኖር እንኳ በዚያ ሁሉ ውሃ ቀጥኖ ለዓይን አይገኝም።

በበጋ ነገሩ ይገለበጣል። ዳገቱ ደርቋል፣ አፈር የሚያጥብ የለም፣ ወንዙ በድንጋዮች መካከል ቀጭን ክር ይሆናል። ለዮሌና ወርቃን የመሰሉ ከተማውን አቋርጠው ወደ ቦርከና የሚገቡ ጅረቶች ከፋብሪካም ከመኖሪያ ቤትም የሚወጣውን ይዘው ሲመጡ የሚያቀጥናቸው ውሃ አያገኙም። «ዝናቡ ሲያባራ ና» ማለት ይኸው ነው፤ የወንዝ ባለሙያ ብዙ ገጽ ጽፎ የሚያስረዳውን አዛውንቱ በአንድ መስመር ጨርሰውታል። ወሎ በልግ ስላለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ዝናብ መሃል ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ የሚመረጠው ታኅሣሥና ጥር፣ በልጉ ካለፈ በኋላም ግንቦት ነው። ላይኛው አገር ላይ ከዘነበ ቢያንስ ሳምንት ያለፈው ቀን ይሁን። ኮምቦልቻ ደረቅ ሆና ደሴ ላይ የጣለ ዝናብ በሰዓታት ውስጥ ወንዙን ያደፈርሰዋልና፣ ከመውጣት በፊት ላይ ቤት ላሉ ሰዎች ስልክ መምታት ነው።

በደረቁ ወቅት ወንዙ የሚያሳየው ቀለም ከክረምቱ ይለያል። ጨርቃ ጨርቅ የሚያቀልም ፋብሪካ የሚለቀው ውሃ በዕለቱ የቀለም ዓይነት ይወሰናል፤ ዛሬ ሰማያዊ፣ ነገ ጥቁር ሊሆን ይችላል። ቆዳ በክሮም ሲለፋ ራሱ ቆዳው ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይለወጣል፤ ዝቃጩም ያንኑ ጥላ ይይዛል። ከቢራ ጠመቃ የሚወጣው የእህል ትራፊ ያለበት ስለሆነ ከቀለሙ ይልቅ በአረፋውና በጠረኑ ይታወቃል፤ ጠረን ደግሞ ፎቶ ላይ አይወጣም። አረፋ ሁሉ የፋብሪካ አይደለም፤ በክረምት የበሰበሰ ቅጠልና ሣር የያዘ ጎርፍም ድንጋይ ሲመታ አረፋ ይደፍቃል። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ እንደሚባለው፣ አረፋውንም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ድንጋዩ ነው። ደረቅ ወቅት ላይ፣ ውሃው በተኛበት ቦታ ሳይጠፋ የሚቆይ አረፋ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ማንሳት ይገባል።

የሃይላንድ ጠርሙስ

ድፍርሱ አፈር ይሁን ሌላ ነገር በዓይን መለየት ሲያስቸግር የሚረዳው ዕቃ ከካሜራው ዋጋ አንጻር ምንም ነው፤ ሦስት ንጹሕ፣ የስም ወረቀቱ የተላጠ የሃይላንድ ጠርሙስ። አንዱን ከከተማው በላይ፣ አንዱን ጅረቱ ከቦርከና ጋር ከሚገናኝበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሦስተኛውን ከከተማው ከወጡ በኋላ መሙላት ነው። ወንዙ መሃል ካለው ከሚንቀሳቀሰው ውሃ፣ አፉን ወደ ላይኛው የወንዙ አቅጣጫ አዙሮ ይቀዳል፤ ከዳር የተቀዳ ከሆነ የእግር ኮቴ ያነሳው ጭቃ ይገባበታል። የላስቲክ ጓንት ይደረግ፤ እጅ ላይ ቁስል ያለው ሰው ባይነካው ይሻላል። በቋሚ ቀለም የቦታው ስምና ሰዓቱ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል።

ከዚያ ጠርሙሶቹን ነጭ ወረቀት ፊት ደርድሮ፣ ጥላ ውስጥ፣ ፎቶ ማንሳት፤ ሳያነቃንቁ ማስቀመጥ፤ በማግስቱ እዚያው እንደገና ማንሳት። አሸዋው በደቂቃዎች ታች ይሰፍራል፣ ደለሉ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፣ በጣም የላመው ጭቃ ከአንድ ቀን በላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። አፈር ከሆነ ከታች ሽፋን ሠርቶ ከላይ እየጠራ ይሄዳል። ውሃ ውስጥ የሟሟ ቀለም ግን አይሰፍርም፤ ሲያድርም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ቀንና የማግስቱ ፎቶ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከማንኛውም የጭስ ማውጫ ፎቶ የበለጠ ይናገራሉ።

አንድ ነገር መጨመር ግዴታ ነው። የጠራ ጠርሙስ ማለት ንጹሕ ውሃ ማለት አይደለም። ክሮምም ሆነ ሌላ የሟሟ ብረት፣ ጨውም እንዲሁ፣ በትንሽ መጠን ሲሆን ቀለም የላቸውም፤ እነሱን የሚያውቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። አስፈሪ የሚመስለው ድፍርስ የእርሻው ሆኖ፣ የፋብሪካው ደግሞ ጭራሽ የማይታይ ሊሆን ይችላል። ለፎቶ አንሺ ከዚህ የከበደ ነገር የለም። በእኔ እምነት፣ የማይታየውን በሚታየው አስመስሎ ማሳየት እውነቱን መቅጠፍ ነው፤ ፋብሪካው በእርግጥ የሚያጠፋው ጥፋት ቢኖር እንኳ በተሳሳተ ማስረጃ የተከሰሰ ነገር በቀላሉ ያመልጣል። «ያ እኮ ጎርፍ ነው» ይሉና ነገሩ ይዘጋል።

ቀለምን በትክክል ለመያዝ ዋይት ባላንሱን፣ ካሜራው ቀለም የሚመዝንበትን ማስተካከያ፣ አውቶ ላይ መተው አይሆንም። ቡናማ ውሃ ፎቶውን ሲሞላው ካሜራው ቀለሙን «ሊያስተካክል» ብሎ ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል፤ በሚቀጥለው ፎቶ ሣር ሲገባ ደግሞ ወደ ሌላ ይሄዳል። ዴይላይት ላይ ወይም 5,200 ኬልቪን ላይ አስሮ፣ ሮው ፋይል (ካሜራው ያልነካካውን ጥሬ ምስል) መርጦ፣ በየቦታው አንድ ጊዜ የቀለም መመዘኛ የሚሆን ግራጫ ካርድ ውሃው አጠገብ ይዞ ማንሳት ነው። ፖላራይዘር፣ ነጸብራቅ የሚቆርጥ የሌንስ ማጣሪያ፣ ያለው ሰው ሁለት ፎቶ ያንሳ። ያለ ፖላራይዘር የሚታየው ብዙው የሰማዩ ነጸብራቅ ነው፤ በፖላራይዘር፣ ካሜራውን ከውሃው ገጽ 35 እስከ 40 ዲግሪ አዘንብሎ ቀለበቱን ሲያዞሩት ነጸብራቁ ይጠፋና የውሃው የራሱ ቀለም ይወጣል። ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ስለሚበላ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) በሹተሩ ፍጥነት ወይም በአይኤስኦው፣ በሴንሰሩ የብርሃን ስሜት፣ ማካካስ ያስፈልጋል። ሲያስተካክሉ ደግሞ ቀለም የሚያደምቀውን «ሳቹሬሽን» የሚባለውን ቁልፍ አለመንካት። የውሃ ቀለም ማስረጃ ሆኖ በሚቀርብበት ፎቶ ላይ አሥር ነጥብ መጨመር ምስክርን ማባበል ነው።

ርቀትን የሚያጥፈው እግር ነው

ገበሬና ጭስ ማውጫ ያለበት ፎቶ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ ሰውየው ትንሽ፣ ከኋላው የቆመው ግንብ ግዙፍ፣ ሊወድቅበት የደረሰ። ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው ረጅሙ ሌንስ ይመስለዋል። የሚያደርገው ግን አንሺው የቆመበት ቦታ ነው፤ ሌንሱ የሚሠራው ከዚያ ቦታ የታየውን መቁረጥ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ቁመቱ 1.70 የሆነ ሰው ከካሜራው 30 ሜትር ላይ ቆሟል፤ 30 ሜትር ቁመት ያለው ጭስ ማውጫ 900 ሜትር ላይ አለ። ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢደረግ ሰውየው ምስሉ በሚያርፍበት ሴንሰር ላይ 2.8 ሚሊ ሜትር፣ ጭስ ማውጫው 1.7 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ሰውየው ይበልጣል። አሁን 90 ሜትር ወደ ኋላ እንሂድ። ሰውየው 120 ሜትር፣ ጭስ ማውጫው 990 ሜትር ላይ ሆኑ። 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲደረግ ሰውየው ያው 2.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጭስ ማውጫው ግን 6 ሚሊ ሜትር ደረሰ። ሰውየው ባለበት ሳይነቃነቅ ፋብሪካው ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ አደገ። አንድም ነገር አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም፤ ግን በሁለቱ መካከል ያለው 870 ሜትር ማሳ፣ መንደርና መንገድ ታጥፎ ጠፋ።

ይህን ማድረግ ክልክል ነው አልልም። አንዳንድ ጊዜ እውነቱ ይኸው ነው፤ ሰውየው ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው ያንን ግንብ ከሆነ፣ ግንቡ በሕይወቱ ውስጥ ያን ያህል ትልቅ ነው። ነገር ግን ከታጠፈው ፎቶ ጋር ሁልጊዜ ያልታጠፈውን ማንሳት ይገባል፤ ወደ ሰውየው ቀረብ ብሎ በ35 ወይም በ28፣ መሃል ያለው ርቀት እንዲታይ። ስልክ ለያዘ ሰው ዋናው ካሜራ 24 ወይም 26 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ይህኛው ቀላል ነው። በስልክ የሚያስቸግረው የታጠፈው ነው፤ የራሱ የቴሌ ሌንስ ከሌለው በጣት የሚደረግ ዙም መቁረጥ ብቻ ስለሆነ ጭስ ማውጫው እንደ ሰም ይቀልጣል።

በ200 ሚሊ ሜትር ሁለቱንም ጥርት አድርጎ ለማግኘት አፐርቸሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን የሌንስ ቀዳዳ፣ ማጥበብ የግድ ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል። 120 ሜትር ላይ ፎከስ አድርጎ ኤፍ 11 ሲሆን ከ60 ሜትር አንስቶ እስከ አድማሱ ይጠራል። ኤፍ 5.6 ላይ ከሆነ ጥራቱ 240 ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል፤ ፋብሪካው ይደበዝዛል። የደበዘዘ ፋብሪካ ያው ጥላ፣ ያው ጭራቅ ይሆናል፤ መስኮቱ፣ ደረጃው፣ ጣሪያው ላይ ቆሞ የሚጠግነው ሰው አይታይም። እኔ ጥርት ያለውን እመርጣለሁ። ፋብሪካም ሰው የሚሠራበት ቦታ ነው።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ግን የትኛውም ረጅም ሌንስ አያዋጣም። ቆርቆሮ ጣሪያና አስፋልት ሲሞቅ ከላዩ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፤ 900 ሜትር ማዶ ያለ ግድግዳ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ትሪፖድም ፈጣን ሹተርም አያድነውም። የረጅም ሌንስ ሥራ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያልቅ፤ ቀሪው ቀን ለቅርቡ ነው።

ጭስና እንፋሎት

የውሃው ጉዳይ ሰማይ ላይም ይደገማል። በታኅሣሥ ብርዳማ ጠዋት ከቦይለር የሚወጣ ነጭ ደመና ተራራ ያክላል፤ ፎቶውን ያየ ሁሉ «ብክለት» ይላል። እንፋሎትን ከጭስ ለመለየት የጭስ ማውጫውን አፍና የደመናውን ጫፍ ማየት ነው። እንፋሎት ከአፉ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው መንጣት የሚጀምረው፣ መጨረሻውም በድንገት ይተናል። ጭስ ከአፉ ጀምሮ ቀለም አለው፤ እየሳሳ ረጅም መንገድ ይጎተታል። ያው ቦይለር፣ ያው ሥራ፣ ቀኑ ሲሞቅ ደመናው ሊጠፋ ይችላል። የሰዓቱን ቅዝቃዜ ያልጻፈ ፎቶ አንሺ ይህን ልዩነት ለተመልካቹ ማስረዳት አይችልም።

ሌላም አለ። በበጋ ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ የሚተኛው ስስ ግራጫ መጋረጃ ብዙውን ጊዜ ከየቤቱ የሚወጣ የእንጨት፣ የኩበትና የከሰል ጭስ ነው። ከተማዋ በተራሮች መካከል ስለሆነች ቀዝቃዛ አየር ታች ይተኛል፣ ጭሱም ወጥቶ አይሄድም። ከሐረጎ ቁልቁል የሚነሳ ሰፊ ፎቶ ላይ ይህ መጋረጃ በጣም ያምራል፤ ምንጩ ግን ቁርስ ነው።

ማሽላ፣ ማማና ፀሐይ

የፎቶ መማሪያዎች አብዛኛዎቹ የሚጻፉት ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ለሚያልፍበት አገር ነው። ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ብቻ ሰሜን ስለሆነች ከሚያዝያ 11 ገደማ እስከ ነሐሴ 17 ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ወደ ሰሜን የዞረ የፋብሪካ ግድግዳ በጥር ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው፣ በሰኔ ደግሞ ቀትር ላይ ያበራል። በምዕራብ ያለው የደሴ ተራራ ስለሚጋርድ የማታው ወርቃማ ብርሃን ከሜዳው ቶሎ ይሸሻል፤ የጠዋቱ ይሻላል።

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሲወረድ ማሽላው ይበዛል፤ በመስከረም ከሰው ቁመት ያልፋል፣ እስከ ኅዳር አጨዳ ድረስ መንገድ ላይ የቆመን ሰው ሙሉ በሙሉ ያውረዋል። መፍትሔው እዚያው ማሳ ውስጥ ተተክሏል፤ የወፍ ጠባቂ ልጆች የሚቀመጡበት ማማ። ሁለት ሦስት ሜትር ከፍታ በቂ ነው፤ ከዚያ ላይ ሲታይ የማሽላው ዘለላ እንደ ሜዳ ይዘረጋና የባቡር ሐዲዱ ምሰሶ፣ የፋብሪካው ሼድ፣ ተራራው ሁሉ ይገለጣሉ። ሳያስፈቅዱ መውጣት አይገባም፤ እንጨቱ የተሠራው ለልጅ ክብደት ስለሆነ አዋቂ ከወጣበት ሊሰበር ይችላል። ባለማማውን ራሱን፣ ወንጭፉን በእጁ እንደያዘ፣ ከኋላው ሼዱ እየታየ ማንሳት ከመሬት የሚነሳ ማንኛውንም ፎቶ ያስንቃል። ወንጭፍ ሲሽከረከር ለማቆም 1/1000 ያስፈልጋል፤ የሽክርክሪቱ ጭረት እንዲታይ 1/30 ይበቃል።

ስለ ሐዲዱ ጥቂት ልበል። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሜዳው ላይ የተቆለለው አፈር ለእርሻው አዲስ አድማስ ሆኖለታል። ከብት የሚሻገርበት የሥር መተላለፊያ ባለበት ቦታ፣ ከጥላው ውስጥ ወደ ብርሃን የሚወጣ መንጋ ሲነሳ መለኪያው ብርሃኑ ላይ ይሁን፤ ጥላው ይጥቆር። ሐዲዱ ላይ መቆም አይገባም።

አጥሩ ሥር የሚገናኙት

ጭስ ማውጫ ፍለጋ የሚሄድ ሰው በኮምቦልቻ ትልቁን ለውጥ ሊያልፈው ይችላል። ሐምሌ 2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያሉት ዝቅ ያሉ፣ ነጣ ያለ ጣሪያ ያላቸው ሼዶች ናቸው። ልብስ የሚሰፋ ሼድ ጭስ የለውም። ከሩቅ መጋዘን ይመስላል፤ ከጤፍ ማሳ አጠገብ ሲነሳም ንፅፅሩ አይጮህም። እዚህ ፎቶው ያለው በሩ ላይ ነው፤ ፈረቃ ሲለወጥ። የሚወጡት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ መታወቂያቸው አንገታቸው ላይ፣ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ፤ ገሚሱ ወደ ሰርቪስ፣ ገሚሱ በእግር በማሳው ጠርዝ። ጠዋት ሞፈርና ቀንበር የወጣበት ቤት ማታ መታወቂያ ያንጠለጠለች ልጅ ትገባበታለች። ገጠርና ፋብሪካ በአንድ ማዕድ ይበላሉ። ይህን ሳስብ ነው አዛውንቱ «የኛው» እና «የነሱ» ሲሉ በድምፃቸው ውስጥ ጥላቻ ያልሰማሁበት ምክንያት የሚገባኝ፤ የሚለዩት ውሃውን ነበር፣ ሰውን አልነበረም።

ለዚህ ሰዓት ብርሃኑ ደካማ ነው። አይኤስኦ 1600፣ ሹተር 1/250፣ 35 ሚሊ ሜትር፣ ቀረብ ብሎ። ግን ከሁሉ በፊት ሰላምታ። ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ «አሰላሙ ዓለይኩም» ወይም «እንዴት ዋላችሁ» ይቅደም፤ ለምን እንደሚነሳ ይነገር፤ «መርሐባ» ካሉ ይነሳ፣ ካላሉ ይቅር። ፊቷ እንዲታይ የማትፈልግ ልጅ ከኋላ ልትነሳ ትችላለች፤ የአንገት መታወቂያ ላይ ያለው ስም ግን በፎቶው ላይ እንዳይነበብ መጠንቀቅ የአንሺው ሥራ ነው። በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ድረስ ደርሶ ፋብሪካዎች ከተዘረፉና ከተጎዱ ወዲህ ካሜራ የያዘ እንግዳ ማንንም ያሳስባል፤ ያ ስጋት ተገቢ ነው። ከቀበሌው የፈቃድ ደብዳቤ ይዞ መሄድ፣ ለሚሊሻው ቀድሞ ማሳየት፣ ጥበቃ ያለበትን በር በጥበቃው ፈቃድ ብቻ ማንሳት፣ አውሮፕላን ማረፊያውን ጭራሽ መተው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብም።

ከዚያ ተመሳሳዩን ቦታ መደጋገም ይመጣል። አንድ የማይንቀሳቀስ ምልክት፣ የድልድይ ምሰሶ ወይም ትልቅ ቋጥኝ፣ ተመርጦ፣ ካሜራው ከመሬት 1.50 ከፍታ፣ ሌንሱ አንድ ዓይነት፣ ምልክቱ ሁልጊዜ የፎቶው ግራ ሲሶ ላይ። በሐምሌ፣ በጥቅምት፣ በጥርና በግንቦት። ከያንዳንዱ ሥር ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆሙበት ርቀት፣ ከመጨረሻው ዝናብ ያለፈው ቀን ይጻፋል።

ግን አራቱ ፎቶዎች ብቻቸውን አይበቁም፤ አምስተኛው ያለው ታች ጨፋ ላይ ነው። በበጋ፣ ሌላው ሜዳ ሲደርቅ፣ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ወደዚያ ረግረግ ይነዳሉ፤ ሣሩና ውሃው ያለው እዚያ ነው። ቦርከና ቀጥኖ ከላይ የሚመጣው ፍሳሽ የሚከብድበት ወርና ከብቱ ከውሃው በብዛት የሚጠጣበት ወር አንድ ነው። እዚያ ከአድማስ እስከ አድማስ ፋብሪካ አይታይም፤ ለምለም ሣር፣ ነጫጭ ሳቢሳዎችና መንጋ ብቻ ነው የሚታየው፤ ንፅፅር ፈላጊ ዓይን ባዶ እጁን የሚመለስበት ቦታ ይመስላል። እኔ ግን የጉዞው ከባዱ ፎቶ እዚህ ነው ባይ ነኝ። እረኞቹ ዘንድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት መድረስ፣ አስፈቅዶ ከመንጋው በስተጎን መቆም፣ በ50 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ የከብቶቹ አፍና የውሃው ገጽ ባንድነት እንዲገቡ ማድረግ፤ ሹተሩ ከ1/500 አይነስ፣ ከብት ሲጠጣ ጭንቅላቱን ሳይታሰብ ያነሳል። ሲታተምም ብቻውን አይታተም፤ በዚያው ሳምንት ኮምቦልቻ ላይ ከተቀዳው የሃይላንድ ጠርሙስ ፎቶ ጋር፣ ሁለቱም እኩል መጠን ሆነው፣ ከሥራቸው ቀኑና የቦታዎቹ ስም ተጽፎ።